ጠላቷ የቤት ድመት የሆነባት የዱር ድመት፦ የስኮትላንድ ጉዳይ

ስለ ብርቅዬ የዱር እንስሳት ሲወራ ታሪኩ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። አዳኝ አለ፣ ደን ጨፍጫፊ አለ፣ መሃል ላይ ምስኪኑ እንስሳ አለ። የስኮትላንድ የዱር ድመትም ሁለቱን አይታለች። አፋፍ ላይ ያደረሳት ግን ሦስተኛው ነው፤ ምድጃ ዳር ተጠቅልሎ የሚተኛው፣ ልጆች የሚያቅፉት፣ ወተት የሚቀርብለት የቤት ድመት። አልበላትም፣ አላባረራትም። ተዳቀላት።

ስለዚህ እሷን ለማዳን ጫካ ገብቶ መጠበቅ ብቻውን አይበቃም። ሥራው ያለው ሰው ደጃፍ ላይ፣ ከብት ጋጣ ውስጥና የእንስሳት ሐኪም ጠረጴዛ ላይ ነው። እዚያ ያለው ኅብረተሰብ ምን እንዳደረገ፣ የቱ እንደሠራና የቱ እንዳልሠራ ላጫውታችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ እንስሳዋ። በሳይንስ ስሟ ፌሊስ ሲልቬስትሪስ ትባላለች፣ የአውሮፓ የዱር ድመት ናት። ከፖርቱጋልና ከስፔን እስከ ካውካሰስ ተራሮች ድረስ ዘመዶች አሏት። ብሪታንያ ውስጥም ድሮ እንግሊዝም ዌልስም ነበረች፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ከሁለቱም ጠፍታ ስኮትላንድ ደጋ ላይ ብቻ ቀረች። ዛሬ በብሪታንያ ከድመት ወገን የቀረ ሌላ አገር በቀል የዱር እንስሳ የለም። ሊንክስ የሚባለው ትልቁ ዘመዷ ከጠፋ ብዙ መቶ ዓመት አልፎታል።

ከሩቅ ስታዩዋት ወፈር ያለች ዥጉርጉር ድመት ናት፣ ሌላ ምንም አትመስልም። ወንዱ እስከ ሰባት ኪሎ ይመዝናል። ብቻዋን ትኖራለች፣ ጥንቸልና የሜዳ አይጥ ታድናለች፣ ሰው ሲሸታት ትሰወራለች። እጅ የማትሰጥ መሆኗ እዚያ ትልቅ ኩራት ነው። ክላን ቻታን የሚባለው የደጋው ጎሳዎች ኅብረት አርማው ላይ ድመት ስሎ «ያለ ጓንት ድመቷን አትንካ» ብሎ ጽፎበታል። አርማው ላይ ስትሆን ሁሉም ይወዳታል። ከዶሮ ቤቱ አጠገብ ስትታይ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ እዚህም አገር ያው ነው።

እንዴት እዚህ ደረሰች?

ደኑ በመቶዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ተመነጠረ። ይህ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ጠመንጃ ነው። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የስኮትላንድ ሰፋፊ ርስቶች የሀብታም አደን ሜዳ ሆኑ። ግራውስ የሚባለውን ቆቅ መሰል ወፍ ለመተኮስ ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ነበር፤ እንግዳው ሲመጣ ወፉ መብዛት አለበት። ለዚህ የተቀጠረው የርስት ጠባቂ ወፍ የሚበላ የተባለን ሁሉ ይገድላል፦ ቀበሮውን፣ ጭልፊቱን፣ የዱር ድመቷን። ሥራው ነበር፣ ደመወዝም የሚበላው በእሱ ነው።

ትንሽ ፋታ ያገኘችው በሰው መከራ ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ጠባቂዎቹ ለውትድርና ሄዱ፣ ወጥመዱ ቀነሰ፣ ከተረፉባት ጥቂት ኪሶች ወጥታ መስፋፋት ጀመረች። በ1919 የደን ኮሚሽን ተቋቁሞ ሰፋፊ ቦታ ላይ ዛፍ ሲተከል ደግሞ ወጣቱ ደን መደበቂያም የአይጥ ማደኛም ሆነላት።

ሕጋዊ ጥበቃ ያገኘችው በ1988 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ልበል? ልል ፈልጌ ነበር፤ ግን ትንሽ ያዳላል፣ ምክንያቱም ያኔ ገና ነበረች። ችግሩ ሌላ ነው። ሕጉ «የዱር ድመት መግደል ክልክል ነው» ይላል። የዱር ድመት የትኛዋ ናት? ይህን አይነግርም። በ1990 አንድ የርስት ጠባቂ የዱር ድመቶች ገደለ ተብሎ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ክሱ ግን ወደቀ። የሞቱት እውነተኛ የዱር ድመቶች እንጂ ዲቃላ ወይም የተሰደዱ የቤት ድመቶች አለመሆናቸውን ማረጋገጥ አልተቻለም። አስቡት እንግዲህ፤ በሕግ የተጠበቀ እንስሳ አለ፣ ግን ሬሳው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ እንኳ እሱ ይሁን አይሁን በእርግጠኝነት የሚናገር የለም።

ከዚያ በኋላ ነው ሙዚየም ውስጥ የተቀመጡ ቆዳዎችን አንድ በአንድ ማነጻጸር የተጀመረው። በ2005 የስኮትላንድ ብሔራዊ ሙዚየሞች ባለሙያ አንድሩ ኪችነርና ባልደረቦቹ ሰባት የቆዳ ምልክቶችን ለይተው አወጡ። እያንዳንዱ ምልክት ከ1 እስከ 3 ነጥብ ይሰጠዋል፣ ሙሉው 21 ነው፣ ጠበቅ ባለው መስፈርት 19ና ከዚያ በላይ ያገኘች የዱር ድመት ትባላለች።

ምልክቶቹን ቀረብ ብለን እንያቸው፣ ምክንያቱም በኋላ የገበሬውም የበጎ ፈቃደኛውም ቋንቋ የሆኑት እነሱ ናቸው። ጭራዋ ወፍራም ነው፤ ጫፉ አይሾልም፣ ጥቁርና ድብልብል ነው። ጭራው ላይ ያሉት ጥቁር ቀለበቶች እርስ በርስ ሳይነካኩ ለየብቻቸው ይዞራሉ። ጀርባዋ መሃል ላይ የሚወርደው ጥቁር መስመር ጭራው ሥር ሲደርስ ቀጥ ይላል፤ ወደ ጭራው ከዘለቀ ጥርጣሬ ነው። ጎኗ ላይ ያሉት መስመሮች ተቆራርጠው ነጠብጣብ አይሆኑም። ማጅራቷ ላይ አራት ወፋፍራም፣ ሞገድ ያላቸው መስመሮች አሉ፤ ትከሻዋ ላይ ሁለት። መዳፏ ነጭ ከሆነ በቃ፣ አያቷ ሰው ቤት ነው ያደጉት።

ይህ ሁሉ ደግሞ ሌሊት በሚነሳ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ፣ ያውም ድመቷ ጀርባዋን ሰጥታ እየሮጠች፣ ሊታይ ይገባል። ብዙ ጊዜ ከጭራው ውጭ ምንም አይገኝም። ስለዚህ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ጭራ ነው።

ነገሩ የተበላሸው መቼ ነው?

ለረጅም ጊዜ የሚታሰበው የቤት ድመት ብሪታንያ ከገባ ጀምሮ፣ ማለትም ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት አንስቶ፣ ሁለቱ ሲደባለቁ ኖረዋል የሚል ነበር። በ2023 የወጡ የዘረመል ጥናቶች ይህን ገለበጡት። የጥንት አጥንትም የዛሬ ድመትም ተመርምሮ የተገኘው፣ ሁለቱ ለ2,000 ዓመት ያህል ጎን ለጎን ኖረው እምብዛም አለመዳቀላቸው ነው። መደባለቁ ስኮትላንድ ውስጥ የፈጠነው ባለፉት 70 ዓመታት ገደማ ብቻ ነው።

ለምን? መልሱ ቀላልም አሳዛኝም ነው። ቁጥሯ ብዙ በነበረ ጊዜ የዱር ድመት የዱር ድመት ታገኛለች። ሲያልቁ ግን በክረምቱ መጨረሻ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው የመራቢያ ጊዜዋ፣ ተራራ ለተራራ ዞራ የምታገኘው ከእርሻ ቤት የወጣውን ወንዴ ነው። ጥናቱ በሽታንም ጨምሮበታል፤ ከቤት ድመቶች የተላለፈ በሽታ ስላለ፣ ከቤት ድመት የመጣ የበሽታ መከላከያ ዘር ያላቸው ዲቃላዎች የተሻለ ይተርፋሉ፣ ያ ዘርም ይስፋፋል።

እዚህ ላይ ለእኛ የሚገርም ነገር አለ። የቤት ድመት ከአውሮፓ የዱር ድመት አልመጣችም። የዘር ሐረጓ የሚመዘዘው ፌሊስ ሊቢካ ከምትባለው የመካከለኛው ምሥራቅና የአፍሪካ የዱር ድመት ነው፤ እሷ ደግሞ ኢትዮጵያም ውስጥ አለች። ስለዚህ ስኮትላንድ በረዶ ላይ የምትሮጠው የገበሬ ድመት ከዚያች አገር የዱር ድመት ይልቅ ለእኛ ቆላ የዱር ድመት ትቀርባለች።

ገበሬው ቤት የተሠራው ሥራ

ከ2009 እስከ 2012 ኬርንጎርምስ በሚባለው ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ የመጀመሪያው ሙከራ ተደረገ። በ2013 አገር አቀፍ ዕቅድ ወጣ። ከ2015 እስከ 2020 ደግሞ የስኮትላንድ የዱር ድመት ንቅናቄ የሚባል የብዙ ድርጅቶች ኅብረት በአምስት የተመረጡ አካባቢዎች ሠራ፦ አንገስ ግሌንስ፣ ሞርቨን፣ ሰሜን ስትራዝስፔይ፣ ስትራዝቦጊ እና ስትራዝፔፈር። የመንግሥት የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነበረበት፣ የእንስሳት ማኅበር ነበረበት፣ ዩኒቨርሲቲ ነበረበት፣ የርስት ጠባቂዎች ማኅበርም ነበረበት። የመጨረሻውን አስምሩበት። ትናንት ገዳይ የነበረው ወገን ዛሬ ስብሰባው ላይ ወንበር አለው።

ዋናው ሥራ አራት ቃል ነው፦ መያዝ፣ ማምከን፣ መከተብ፣ መመለስ። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ሜዳ ላይ እንዲህ ነው።

አንድ የእርሻ ቤት አለ። ጋጣው ውስጥ ሰባት ስምንት ድመት ይርመሰመሳል። የማን ናቸው? «የማንም አይደሉም፣ አይጥ ይበሉልናል» ይላል ባለቤቱ። ጠዋት ጠዋት ግን ትንሽ ወተት ያፈስላቸዋል። ስም ያላት አንዷ ብቻ ናት። እነዚህ ናቸው ችግሩ። ሶፋ ላይ የምትተኛው ድመት በአብዛኛው ተመክናለች፤ ጋጣ ያለችው ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ትወልዳለች፣ ወንዶቹ ግልገሎች አድገው ግዛት ፍለጋ ወደ ጫካው ይወጣሉ። እንግዲህ ባለሙያው ወይም በጎ ፈቃደኛው መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ የሚለው ነገር በጣም አስፈላጊ ነው። «ድመቶችህ የዱር ድመት እያጠፉ ነው» ካለ ሻይም ሳይቀርብለት ይመለሳል። «ድመቶችህን በነጻ እናምክንልህ፣ እንከትብልህ፣ ጋጣህ በድመት አይጥለቀለቅም፣ በሽታም አይገባብህም፣ አይጥ መያዛቸውንም አይተዉም» ካለ ግን ጨዋታ አለ። ተመክና የምትመለስ ድመት አይጥ መያዟን አትተውም፤ ድመት ብትመነኩስ አመሏን አትረሳ የሚለው ተረታችን እዚህ ጋ ለበጎ ሠርቷል።

ከዚያ ወጥመድ ይጠመዳል፤ ድመቷን ሳይጎዳ የሚዘጋ የሽቦ ሳጥን ነው። ምግብ ውስጡ ይቀመጣል። የተያዘችው መጀመሪያ ትታያለች፣ ጭራዋ፣ የጀርባዋ መስመር፣ ማጅራቷ። የዱር ድመት ወይም ለእሷ በጣም የቀረበች ከሆነች አትመከንም፤ ናሙና ተወስዶ ትለቀቃለች። ይህን ማሳሳት ማለት ከቀሩት ጥቂቶች አንዷን በገዛ እጅ ማምከን ማለት ስለሆነ ሐኪሙ ላይ ያለው ጭንቀት ቀላል አይደለም። የቤት ድመት ወይም ግልጽ ዲቃላ ከሆነች ትመከናለች፣ ትከተባለች፣ ወደ መጣችበትም ትመለሳለች።

ለምን ትመለሳለች? ብዙ ሰው የሚጠይቀው ይህንን ነው። አንስቶ መውሰድ ወይም መግደል አይሻልም ወይ? አይሻልም። አይጥና ምግብ ያለበት ቦታ ባዶ አይቀርም፤ አንዷን ስታነሳ ያልተመከነች፣ ያልተከተበች ሌላ ትመጣና ቦታውን ትይዛለች። የተመከነችው ግን ግዛቷን ትጠብቃለች፣ ሌላውንም ታባርራለች፣ አትወልድም። በዚያ ላይ «ድመት እንገድላለን» ያለ ፕሮጀክት ብሪታንያ ውስጥ አንድ ሳምንት አይቆይም። እዚያ ሰው ለድመቱ ያለውን ፍቅር የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

የርስት ጠባቂዎቹ ድርሻ ሌላ ነበር። ቀበሮ ለመግደል ሌሊት በመብራት የሚወጡት እነሱ ናቸው። ባለቤት የሌላት ድመትም ወፍ አጥፊ ስለሆነች መተኮሱ የተለመደ ነው። ታዲያ ባትሪ ሲበራ ከሩቅ የሚያበራ ዓይን ቢታይ የማን ነው? ተግባብተው የያዙት ደንብ፣ ዥጉርጉር ከሆነች ወይም ከተጠራጠርክ አትተኩስ ነው። ተኩሱን በሳጥን ወጥመድ መተካትም ተበረታቷል፤ ጠዋት መጥተህ በቀን ብርሃን ታያለህ፣ የዱር ከሆነች ትከፍትላታለህ። ለእኔ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ትልቁ ስኬት ይሄ ነው። እነዚህ ሰዎች ተራራውን ከማንም ሳይንቲስት በላይ ያውቁታል። ድመቷ በየት በኩል እንደምታልፍ፣ የትኛው ድንጋይ ሥር እንደምትተኛ የሚናገሩት እነሱ ናቸው።

በጎ ፈቃደኞቹ ደግሞ ካሜራ ይዘው ወጡ። በክረምት፣ በበረዶው፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቅስቃሴ ሲያዩ የሚያነሱ ካሜራዎች ዛፍ ላይ ታሰሩ፤ ፊት ለፊታቸው ስጋ ተሰቀለ። ባትሪ መቀየር፣ ካርድ ማውጣት፣ ስጋ መተካት የእነሱ ሥራ ነው። ከዚያ ቤት ተመልሶ በሺዎች የሚቆጠር ፎቶ መመልከት አለ፤ አብዛኛው በነፋስ የሚወዛወዝ ቅርንጫፍ፣ አጋዘን፣ ቀበሮ፣ ወፍ። መሃሉ ላይ አንድ ወፍራም ጭራ።

የት ላይ ነው ያልሆነው?

ካሜራው ሥራውን ሠራ፤ መጥፎውን ዜናም ያመጣው እሱ ነው። በየአካባቢው የተገኙት አብዛኞቹ ዲቃላዎች ናቸው። ጥሩ ነጥብ ያገኙት በጣት የሚቆጠሩ ሆኑ፣ እነሱም ተራርቀው።

የማምከኑ ሥራ ደግሞ በተፈጥሮው ምሕረት የለውም። ከአሥር ድመት ሰባቱን አምክነህ ሦስቱ ከቀሩ፣ ሦስቱ በጥቂት ዓመት ውስጥ ቦታውን ይሞሉታል። ወንዴው ከምታስበው በላይ ይርቃል። በአንድ ሸለቆ ያሉት ገበሬዎች ሁሉ ተባብረው ከተራራው ማዶ ያለው አንድ ሰው «አያገባኝም» ካለ ድካሙ ይፈሳል። በፕሮጀክት ገንዘብ፣ በአምስት ዓመት፣ በጥቂት ሠራተኛ ያን ያህል አገር ማዳረስ ከባድ ነው። ለድመቷ የሚቆረቆሩት ወገኖችም እርስ በርስ አልተስማሙም። አንዱ ከዱር ተይዘው በማራቢያ ውስጥ ይዋለዱ ይላል፣ ሌላው የቀሩትን ከዱር ማውጣት ወንጀል ነው ይላል። ስትራዝቦጊ አካባቢ ባለው ክላሺንዳሮክ ደን የነፋስ ኃይል ተርባይን ልጨምር የሚል ኩባንያ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጦርነት ተከፈተ። ገበሬው መሃል ላይ ሆኖ የትኛውን ልስማ ይላል፣ አይፈረድበትም።

በ2019 የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የድመት ባለሙያዎች ቡድን ሁሉንም መረጃ ገምግሞ የደረሰበት ድምዳሜ መራራ ነበር። የስኮትላንድ የዱር ድመት ቁጥሯ በጣም አንሷል፣ መዳቀሉ በጣም ርቋል፣ የቀሩት በጣም ተበታትነዋል፤ በራሷ የምትቀጥልበት ደረጃ ላይ አይደለችም። መፍትሔው፣ አሉ፣ አርብቶ መልቀቅ ነው።

አንዳንዱ ይህን ሰምቶ ያ ሁሉ ሥራ ከንቱ ነበር አለ። እኔ በፍጹም አልስማማም። ያ ሁሉ ካሜራ ባይታሰር ይህ ድምዳሜ ራሱ አይገኝም ነበር፤ ሁሉም «ተራራው ላይ መቼም አትጠፋም» እያለ ነበር የሚኖረው። ግን አንድ ነገር እውነት ነው፦ ሳይቃጠል በቅጠል ነበር። ሥራው በ1988 ከሕጉ ጋር አብሮ ቢጀመር ኖሮ ዛሬ የሚወራው ሌላ ነበር። ሕጉ ጠመንጃውን ብቻ አየ፤ የጋጣውን ወንዴ ማንም አላየውም።

ሁለተኛው ዙር፦ አርብቶ መልቀቅ

አሁን ሥራውን የሚመራው የስኮትላንድ ንጉሣዊ የእንስሳት ማኅበር ነው። ኪንጉሲ ከሚባለው ከተማ አጠገብ ባለው የዱር እንስሳት ፓርኩ ውስጥ፣ ጎብኚ ከማይደርስበት ቦታ፣ የማራቢያ ማዕከል ተሠራ። ከአውሮፓ ኅብረት ወደ 3.2 ሚሊዮን ፓውንድ ተገኘ። ልምዱ ደግሞ ከስፔን መጣ፤ የአንዳሉሲያ መንግሥት አጋር ሆነ፣ ምክንያቱም እነሱ የአይቤሪያን ሊንክስ ከሞት አፋፍ መልሰዋል። ስዊድን ያለ የእንስሳት ማራቢያም ገባበት።

ግልገሎቹ የሚያድጉበትን ሁኔታ ስታስቡት ከቤት ድመት አስተዳደግ ተቃራኒው ነው። ሰው አይነካቸውም፣ አያባብላቸውም፣ እንዲያውም ባያዩት ይመረጣል። ክትትሉ በካሜራ ነው። ሰው የለመደ ድመት ቢለቀቅ የመጀመሪያው መጠለያው የአንድ ገበሬ ጋጣ ነው፣ ከዚያ ታሪኩ እንደገና ይጀመራል።

ንጹሕ ዘር የሚባል ነገር ላይ ግን እውነቱን እንናገር። ከ1960 ጀምሮ በመካነ እንስሳት የተያዙት ራሳቸው ትንሽ የቤት ድመት ደም አለባቸው። ዘረመላቸው ተመርምሮ ከፍተኛ የዱር ድርሻ ያላቸው ይመረጣሉ፣ መቶ በመቶ ግን የለም። አንዳንዱ ይህን ሰምቶ «ታዲያ ምን ዋጋ አለው?» ይላል። ዋጋማ አለው። የምታድን፣ ሰው የምትሸሽ፣ በበረዶ ውስጥ የምትከርም፣ ወፍራም ጭራዋን ለልጆቿ የምታወርስ ድመት ተራራው ላይ አለች ወይስ የለችም ነው ጥያቄው። ንጹሕነት እየጠበቁ ቁጭ ማለት ያለችውንም ማጣት ነው።

በ2023 በጋ የመጀመሪያዎቹ ድመቶች ኬርንጎርምስ ውስጥ ተለቀቁ። በዚያ ዓመት 19 ድመቶች ወጡ፣ አንገታቸው ላይ ጂፒኤስ ያለው ኮላር ታስሮ። በ2024 ሌሎች ተጨመሩ፤ በዚያው ዓመት ካሜራ ፊት ለፊት ግልገሎች ታዩ። ከተለቀቁት ሴቶች መካከል ዱር ውስጥ የወለዱ ነበሩ። በክረምት የተጋቡት ማዕከል ውስጥ አይደለም፣ እዚያው ተራራው ላይ ነው። ለዚህ ሥራ ከዚህ የሚበልጥ ዜና የለም።

ከመልቀቁ በፊት ግን ረጅም ወሬ ነበረ። ዶሮ ያላቸው ሰዎች ጠየቁ፣ መልሱ ሌሊት የሚዘጋ ጥሩ የዶሮ ቤት ነው፤ ለቀበሮም የሚያስፈልገው እሱው ነው። ቁጥሩ በመቶዎች ብቻ የሆነው ካፐርኬሊ የሚባል ትልቅ የደን ወፍ ጉዳይም ቀላል አይደለም። አንዱን ብርቅዬ ለማዳን ሌላውን ብርቅዬ መመገብ አይቻልም። የድመት ባለቤቶች ደግሞ ተለምነዋል፦ አስመክኑ፣ አስከትቡ፣ ማይክሮቺፕ (ከቆዳ ሥር የሚቀበር መለያ) አስደርጉ። ማይክሮቺፑ ትርፍ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በወጥመድ የተያዘች ድመት ባለቤት አላት የላትም የሚለው በአንድ ሰከንድ የሚታወቀው በእሱ ነው።

ባሌም ይህንኑ ያውቃል

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ፈረንጅ ስለሠራው አይደለም። እኛም ጋር በሌላ እንስሳ ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። ቀይ ቀበሮ ከ500 ያነሱ አዋቂዎች ነው የቀሩት፣ አብዛኞቹ ባሌ ተራሮች ላይ። ችግሩ ደግሞ የእረኛው ውሻ ነው። ዌብ ሸለቆ ውስጥ ከውሻ ጋር የተዳቀሉ ቀበሮዎች በ1990ዎቹ ተመዝግበዋል፤ አፋቸው አጠር፣ ሰውነታቸው ደልደል ያለ። ከመዳቀሉ የባሰው ግን በሽታው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በ1991፣ በ2003፣ በ2008ና በ2014 ገብቶ በመንጋ ፈጅቷቸዋል።

መፍትሔውም የሚገኘው በጫካ ሳይሆን በሰው ቤት ነው። የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ከ1995 ጀምሮ በየመንደሩ እየዞረ የአርብቶ አደሩን ውሻ ይከትባል። በ2018 ደግሞ ቀበሮዎቹ ራሳቸው በስጋ ውስጥ በሚቀመጥ የአፍ ክትባት መከተብ ጀመሩ። እረኛው ውሻውን ይዞ የሚቀርበው ለቀበሮው አዝኖ ብቻ አይደለም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ልጁንም ላሙንም ይገድላል። ስኮትላንድ ውስጥ ገበሬው ጋጣው በድመት እንዳይጥለቀለቅ እንደፈለገው ማለት ነው። ሁለቱም ጋ ሰውየውን ያመጣው የራሱ ጥቅም ነው፣ ያመጣውን ደግሞ ማሳፈር አያስፈልግም።

ልዩነቱ ጊዜው ነው። ባሌ ላይ የሚከላከሉት ገና ያለን መንጋ ነው። ስኮትላንድ ላይ ያለቀውን እንደገና እየተከሉ ነው፣ ዋጋው ደግሞ በሚሊዮን ይቆጠራል። አንድ ድመት ማምከን ግን የአንድ ጠዋት ሥራ ነው።

አሁን ያለው ጥያቄ

የተለቀቁት ድመቶች እየኖሩ፣ እየወለዱ ነው። ነገር ግን ወንዱ ግልገል ሲያድግ ግዛት ፍለጋ ይወጣል። በየት በኩል ይወጣል? ወደ እርሻዎቹ። እዚያ ያልተመከነች የጋጣ ድመት ካገኘ በሚቀጥለው ሚያዝያ የሚወለዱት ዲቃላዎች ናቸው። ስለዚህ የ2015ቱ ሥራ አልቋል የሚባል ነገር የለም፤ ያው በር ማንኳኳት፣ ያው የሽቦ ሳጥን፣ ያው ሐኪም ዘንድ መመላለስ በየዓመቱ ይቀጥላል። የፕሮጀክት ገንዘብ ግን የሚያበቃበት ቀን አለው። የድመት መዋለድ ግን የሚያበቃበት ቀን የለውም።

እኔ ብጠየቅ ገንዘቡን የማካፍለው እንዲህ ነው፦ ማዕከሉ ይቀጥል፣ ግን ከእያንዳንዱ ለማርቢያ ከሚወጣ ፓውንድ ጎን ለአካባቢው የእንስሳት ሐኪሞች ቋሚ በጀት ይመደብ፣ ገበሬው ስልክ ደውሎ «ሁለት አዲስ ድመት መጥቶብኛል» ሲል በዚያው ሳምንት የሚመጣ ሰው ይኑር፤ ስሙን የሚያውቀው፣ ፕሮጀክት ሲያልቅ የማይሄድ ሰው። የርስት ጠባቂዎቹም ለሚያሳልፉት ሌሊት ይከፈላቸው። እስካሁን ብዙው በመልካም ፈቃድ ነው የሚሠራው፣ መልካም ፈቃድ ደግሞ ከአንድ መጥፎ ክረምትና ከሁለት ከተበላች ዶሮ በላይ ይቆያል ብሎ መተማመን ይከብዳል።